የኅዳር ጭስና የቦኖ ውሃ፦ አራዳ እንዴት ዳነች?

ኅዳር 12 ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ሽታ አይረሳውም። ገና ጎህ ሳይቀድ ከየደጁ ጭስ ይነሣል። የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካልሲ፣ ያለፈው ዓመት ደብተር፣ አንዳንዴም (ይቅር ይበለንና) የፕላስቲክ ጫማ ሳይቀር ተከምሮ ይነዳል። ልጆች ሳለን እሳቱን በእንጨት መቆስቆስ የእኛ ድርሻ ነበር። «ለምንድን ነው የሚቃጠለው?» ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ አጭር ነው፦ «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» እሳቱ ሲከስም ጥያቄውም አብሮ ይከስማል። በሚቀጥለው ዓመት ያው እሳት፣ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ።

ካደግን በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብን። ጭሱ የሚያስታውሰው በሽታ ከመቶ ዓመት በፊት ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህስ? ያኔ ሙታኗን ቀብራ መጨረስ ያቃታት ከተማ ዛሬ አብዛኞቹን ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ የምታበቃ እንዴት ሆነች? ማን አዳናት? በምን? ለዚህኛው ጥያቄ የተቆረጠ ቀን የለም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። እኛም መልሱን ፍለጋ ከተማውን ሁሉ ከምናስስ አንድ ሰፈር መረጥን፦ አራዳን።

አራዳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማዋ የመጀመሪያ ትልቅ ገበያ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዞሩት ድረስ ንግዱም፣ ወሬውም፣ እንግዳውም የሚገባው በአራዳ በኩል ነበር። ሰው በሚበዛበት በሽታ ይበዛል። አራዳ የሚለው ቃል ዛሬ ብልጥ፣ ነቄ፣ የማይሸወድ ማለት ሆኗል። እኛም አራዳ ነን ባዮች ነን፤ የሰፈሩ ሰው እንዴት በሕይወት እንደቆየ ስንጠየቅ ግን ዝም! እንግዲህ አራዳነታችን እዚህ ላይ ይፈተን።

ኅዳር 1911

እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታት በኅዳር 1911 ዓ.ም ነው። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ «የንፋስ በሽታ» ያሉትም ነበሩ። በከተማዋ ብቻ ከዘጠኝ ሺህ እስከ አሥር ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥም ይህንኑ አንሥተው፣ በከተማዋ የሞተው ሰው ከአሥር ሺህ እንደሚበልጥ ገልጸዋል። የከተማዋ ሕዝብ ገና በአሥር ሺዎች ይቆጠር በነበረበት ጊዜ ይህ ማለት ሞት ያልጎበኘው ደጅ አልነበረም ማለት ነው።

ሆስፒታል አልነበረም እንዳይባል ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ሕክምና ከፍተው ነበር፤ እነሱ በሄዱ በዓመታት ልዩነት፣ እ.ኤ.አ. በ1910፣ በዚያው ቦታ የምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ በዓለም ላይ ክትባት አልነበረም፤ በላዩ ላይ የሚደረበውን የሳንባ ምች የሚያድን አንቲባዮቲክም ገና አልተገኘም። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ሲተኛ ደግሞ ውሃ የሚያቀብል፣ አጥሚት የሚያሞቅ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሞተው በበሽታው ብቻ ሳይሆን የሚያስታምም በማጣትም ጭምር ነው።

ሰዉ ያኔ ያደረገው በአቅሙ የሚችለውን ነው። ጸለየ። ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። የኅዳር ሚካኤልን ቀን ጠብቆ ማጠንና ማቃጠል ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። «ሽታ ነው በሽታ የሚያመጣው» የሚለው እምነት የኛ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፓም ለዘመናት እንዲሁ ያምን ነበር። ለንደን ውስጥ ሶሆ በተባለ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ ገብቶ ሰው ሲረግፍ ሊቃውንቱ ክፉ አየር ነው አሉ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እየነቀሰ፣ ብዙዎቹ ከአንድ ፓምፕ ውሃ የቀዱ መሆናቸውን አሳየ። የፓምፑ እጀታ እንዲነሣም አስደረገ። ያም ሆኖ ሰውየው የታመነው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ቆሻሻ በማቃጠላቸው ልንስቅባቸው አይገባም። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ እንጂ በቆሻሻ አይተላለፍም፤ ጭሱ አላዳናቸውም። «ሞት ከአካባቢያችን ጋር ግንኙነት አለው» የሚለው ጥርጣሬያቸው ግን እውነት ነበረው። የቀረው ግንኙነቱ የት እንደሆነ ማወቅ ነበር።

ሽቅብ የወጣው ውሃ

ግንኙነቱ በመጀመሪያ ያለው ውሃ ላይ ነው።

ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ በቧንቧ ውሃ የገባው በ1886 ዓ.ም ገደማ ነው፤ ሥራውን የመራው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ውሃ በብረት ውስጥ ተጉዞ ዳገት ሲወጣ ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ጉዱ ግን ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ቀረ። የአራዳ ሰው ከምንጭ፣ ከጉድጓድና ከወንዝ መቅዳቱን ቀጠለ። ሴቶች እንስራ አዝለው የሚወርዱበት ወንዝ ደግሞ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ በክረምት የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ያው ወንዝ ነው። ላይኛው ሰፈር የጣለውን ታችኛው ሰፈር ይጠጣዋል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ከተማዋ ከራሷ ውጭ ውሃ መፈለግ ስትጀምር ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም በአምቦ መንገድ ላይ የገፈርሳ ግድብ መጣ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ። ውሃው ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት በቧንቧ ወረደ። ለአብዛኛው የአራዳ ሰው ግን ቧንቧው እስከ ቤቱ አልደረሰም፤ የደረሰው እስከ ቦኖ ነው።

ቦኖ! እዚህ ላይ ቆም እንበል። የከተማችን ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ሲኒማ ቤቱ፣ ስለ ኬክ ቤቱ ብዙ ተብሏል። ስለ ቦኖ ማን ጻፈ? ጀሪካን ተሰልፎ፣ ድንጋይ በጀሪካን ፈንታ ወረፋ ይዞ፣ በሳንቲም የሚቀዳበት ያ የሰፈር ቧንቧ ስንት ልጅ ከተቅማጥ እንዳዳነ ማን ቆጠረ? ሕፃን ልጅ በተቅማጥ የሚሞተው ሰውነቱ ውሃ አልቆበት ነው፤ ተቅማጡ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው በተበከለ ውሃና ባልታጠበ እጅ ነው። ስለዚህ የውሃው ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ብዛቱም ለውጥ ያመጣል። እናት በቀን አንድ እንስራ ብቻ ካላት ለወጥና ለመጠጥ ታደርገዋለች፤ ሦስት ጀሪካን ካላት ግን እጅ ይታጠባል፣ ፊት ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል።

የልብስ ነገር እንደ ቀላል አይታይ። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ አዲስ አበባን ለረዥም ዘመን አሠቃይተዋታል። በተለይ ክረምት ሲገባ፣ ድሃው ብርዱን ሽሽት በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ፣ አንድ ልብስ ሳይቀይር ሲተኛ በሽታው ይነሣል። ለዚህ ትልቁ መድኃኒት ሳሙና፣ የፈላ ውሃና ቅያሪ ልብስ ነው። በየትኛውም መድኃኒት ቤት አይሸጥም፤ በሆስፒታል መዝገብም ላይ «ልብሱን ስላጠበ ያልታመመ» ተብሎ የሚጻፍ ሰው የለም። የሕዝብ ጤና ሥራ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሲሳካ አይታይም።

የጋራ ግቢ፣ የጋራ ሽንት ቤት

ውሃ ከገባ መውጣትም አለበት። አራዳ ዳገትና ቁልቁለት ናት። እሪ በከንቱን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው የቤቶቹ ጣራ ከላይ ሲታይ እንዴት ተደራርቦ እንደነበር ያስታውሳል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንዷ ክፍል ሳሎንም፣ ወጥ ቤትም፣ መኝታም። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ አምስት ስድስት ቤት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጋራዋል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራይ ረከሰ። ቀበሌ ተቋቋመ። ይህ አዋጅ ለአራዳ ጤና ሁለት ነገር አደረገ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በአንድ በኩል ድሃው ከመሀል ከተማ አልተፈናቀለም፤ ከሆስፒታሉ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሥራው አጠገብ በጥቂት ብር ኪራይ መኖር ቻለ። አዲስ አበባ ሀብታምና ድሃ በአንድ መንገድ የሚወጡባትና የሚገቡባት ከተማ ሆና የቆየችው በከፊል በዚህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቤቱ ባለቤት አጣ። ጣራው ሲያፈስ «የቀበሌ ነው»፣ ሽንት ቤቱ ሲሞላ «የቀበሌ ነው»፣ ቱቦው ሲደፈን «የቀበሌ ነው»። ቀበሌ ደግሞ በጀት የለውም። ስለዚህ የሞላው ጉድጓድ በክረምት ጎርፍ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ ወንዙም የድሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ይህን ክፍተት ማን ሞላው? ሰዉ ራሱ። በየግቢው ተራ ወጥቶ ሽንት ቤት ማጠብ፣ ብር አዋጥቶ የፍሳሽ መኪና መጥራት፣ ከደጅ ያለውን ቦይ መጥረግ፤ ይህን የሠሩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ስማቸውን ማንም አልመዘገበውም። ብንችል ኖሮ እኛ እዚህ አንድ በአንድ እንጽፈው ነበር።

ክንዳችን ላይ ያለች ጠባሳ

ሦስተኛው መርፌ ነው። ወንድምና እህቶች፣ እስቲ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ክንዳችሁን እዩ። አብዛኞቻችን ክንድ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ጠባሳ አለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ናት። ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ሰውነታችን ላይም ተጽፏል።

ለአያቶቻችን ትልቁ ፍርሃት ፈንጣጣ ነበር። ፊቱን ያጠፋው፣ ዓይኑን ያሳወረው፣ «ልጄ ፈንጣጣ ካልወጣላት አልቆጥራትም» ያሰኘው በሽታ። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም ገደማ ተጀመረ። ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሄሊኮፕተር ሳይቀር አገሩን አዳረሱ። በመሀሉ መንግሥት ተለወጠ፤ ዘመቻው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በአገራችን ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የለም። አንድ በሽታ «የለም» የሚባልበት ቀን በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ስንቴ መጥቷል?

በ1972 ዓ.ም ደግሞ መደበኛው የሕፃናት ክትባት ተጀመረ። ዒላማው ስድስት በሽታ ነበር፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኩፍኝ። እናቶቻችን «ልጅ ኩፍኝ ሳይወጣለት ስም አይወጣለትም» ሲባል ሰምተው ያደጉ ናቸው። እኛ ግን ኩፍኝን በስም እንጂ በመልክ የማናውቅ ብዙ ነን። ይህ የሆነው በሽታው ስለራራልን አይደለም፤ ጤና ጣቢያ በር ላይ ካርድ ይዘው፣ እኛን አቅፈው፣ ፀሐይ ላይ የተሰለፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

የቀብር መዝገቡ ምን አለ?

አራተኛውን ምዕራፍ ለመጻፍ ይከብዳል። እኛ በተወለድንበት ዘመን አካባቢ በአራዳ ድንኳን የማይተከልበት ሳምንት አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሽታው የሚያረግፈው የቤት ምሰሶ የሆኑትን፣ የሠላሳና የአርባ ዓመት ጎልማሶችን ሆነ። በየቤቱ ግን «ሳንባ ነው»፣ «ጨጓራ ነው»፣ «ሰው ሠርቶበት ነው» ይባላል። የበሽታውን ስም መጥራት ነውር ነበር።

ታዲያ ማንም የማይናገረው ሞት እንዴት ይቆጠራል? በ1993 ዓ.ም ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ዘዴ ጀመሩ። አብዛኛው ሞት በሆስፒታል አይመዘገብም፤ ሁሉም ሰው ግን ይቀበራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች ላይ የሟቹ ዕድሜ፣ ጾታና ዘመድ የሚናገረው የሞት ምክንያት እንዲመዘገብ ተደረገ። በኋላ ወደ ሟች ቤተሰቦች እየሄዱ ስለ ሕመሙ በዝርዝር በመጠየቅ አገናዘቡት። የተገኘው ውጤት በየለቅሶ ቤቱ የተደበቀውን አፍረጠረጠው፤ ከሃያ እስከ ሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉት ሟቾች ከግማሽ በላይ የሆኑትን የወሰደው ኤድስ ነበር። ልብ በሉ፤ የ1911ዱ ሞት በግምት ነው የሚነገረው። ይህኛው ግን ተቆጠረ።

በ1997 ዓ.ም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ተጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያው የመቃብር መዝገብ በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር ቁልቁል መውረዱን አሳየ። መዝገቡ መጀመሪያ መርዶ ነጋሪ፣ ቀጥሎ የምሥራች ነጋሪ ሆነ። ድንኳኑ ቀነሰ። ዕድሮችም ገንዘባቸውና ኃይላቸው ከቀብር አልፎ ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳትና ሕሙማንን ወደ መጠየቅ ዞረ። ዕድር፣ ሥራው ሙት መቅበር የነበረ ማኅበር፣ ሰው እንዳይሞት ወደ መሥራት መሻገሩ ከሰማናቸው የከተማችን ታሪኮች ሁሉ ደስ ያለን ነው።

ቁጥሩና ከቁጥሩ በስተጀርባ

አሁን ሁሉንም ደምሩት። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ 114 የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 39 ወረደ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት አንድ ተጠጋ ማለት ነው! ይህን በአንድ ግቢ ልክ አስቡት። ከአሥር ልጆች አንዱ የሚቀበርበት ግቢ፣ ከሃያ አምስት አንዱ ወደሚቀበርበት ግቢ ተለወጠ። አሁንም ብዙ ነው። ግን ተለውጧል።

ለውጡን ያመጣው አንድ ጀግና፣ አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ መንግሥት አይደለም። ግድቡን ንጉሡ አስጀመሩ፣ ክትባቱ በደርግ ጊዜ መደበኛ ሆነ፣ መድኃኒቱ በኢሕአዴግ ዘመን ገባ፤ ከ2001/02 ጀምሮ ደግሞ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ እየገቡ ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑን፣ ሽንት ቤቱን ማየት ጀመሩ። መንግሥታቱ እርስ በርስ ተጣልተዋል፤ ቧንቧው ግን አልተጣላም። አንዱ የጀመረውን ሌላው ያላፈረሰው እዚህ መስክ ላይ ብቻ ይመስለናል።

ነገር ግን የተገኘው ጤና ዘላቂ ርስት አይደለም። በሰኔ 2008 ዓ.ም፣ ያ መልካም ቁጥር በተመዘገበበት ዓመት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ ገባ። «አተት» የሚለውን ቃል ያኔ ነው ሁላችንም የለመድነው። በየሬዲዮው እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አክሙ፣ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ ተዉ ተባለ። ክረምት ነበር፤ ጉድጓዱ ሞልቷል፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ሰንሰለት (ሽንት ቤት፣ ጎርፍ፣ ውሃ፣ እጅ) አለመበጠሱን፣ መላላቱን ብቻ አወቅን።

በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ደግሞ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን በአራዳ ታሪክ ውስጥ ለምን አነሣነው? ያ ክምር የማን ነበር? የእኛ ነው። ከፒያሳ ደጅ በገንዳ የተነሣው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነበር። የእኛ መንገድ የጸዳው ቆሻሻው ስለጠፋ ሳይሆን ሌላ ሰው ራስጌ ላይ ስለተከመረ ነው። ላይኛው ሰፈር የጣለውን ታችኛው ይጠጣዋል ያልነው የወንዙ ሕግ በመኪና ቀጠለ።

የተሻሻለው ሰፈሩ ነው ወይስ ሰዉ?

እዚህ የደረስነው ወደ አንድ ጥያቄ ልንመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም የፒያሳና አካባቢው አሮጌ መንደሮች ለልማት ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ ዛሬ የለም። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፣ የእግረኛ መንገዱ አማረ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ወደተሠሩ ቤቶች ሄደ።

እኛ ከእነዚያ መንደሮች የወጡ አንዲት እናት ዘንድ ቡና ጠጥተን መጣን። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሽንት ቤቱም ወጥ ቤቱም ውስጥ ነው።

«እማማ፣ ይሻላል ታዲያ?» አልናቸው።

ትንሽ ዝም አሉና «ልጆቼ፣ ሽንት ቤቱ የዚህ፣ ሰዉ የዚያ ቢሆንልኝ» አሉን።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አሁንም የሚያመጡት ከድሮው ሰፈራቸው ነው፤ ደርሶ መልስ አራት ታክሲ። ጉልበታቸው ሲያማቸው አንድ ወር ይዘሉታል። ድሮ ቢዘሉት የዕድሩ ጸሐፊ ወይም የጎረቤት ልጅ ያስታውሳቸው ነበር። ዛሬ የዕድሩ አባላት በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል።

እሳቸው ያሉትን እንደ ቅሬታ ብቻ አንስማው። ውስጡ የመቶ ዓመት ትምህርት አለ። ቤት ውስጥ ሽንት ቤት መኖሩ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የጋራ ጉድጓድ ይናፍቀኛል የሚል ካለ ያልኖረበት ነው። ነገር ግን አራዳን ያዳናት ቱቦው ብቻ አልነበረም፤ ቱቦው ሲበላሽ የሚያዋጣው፣ የታመመውን የሚያስተውለው፣ ክትባት ቀን «ልጅሽን ወሰድሽው?» የሚለው ሰው ጭምር ነው። ያኛው ሀብት በግምት አይከፈልም፤ በአዲሱ ሰፈር እንደገና እስኪበቅል ዓመታት ይፈጃል።

ሌላም ነገር አለ። ነገ የአራዳ የጤና ቁጥር ሲወጣ መሻሻሉ አይቀርም። ድሃውና ታማሚው ከሰፈሩ ወጥቷላ! ይህ ግን ፈውስ አይደለም፤ የሒሳብ ነገር ነው። የታመመውን ሰው ከክፍሉ አውጥቶ «ክፍሉ ዳነ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በአራዳ መሬት ላይ ሳይሆን በአራዳ ሰዎች ላይ መቁጠር አለብን፤ ባሉበት ሄደን። ውሃው አምስተኛ ፎቅ ይደርሳል? ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ልጆቹ ክትባት ሳያቋርጡ ጨርሰዋል? የመቃብር መዝገብ ጠባቂዎቹን ጠይቆ እውነቱን ያወጣ ከተማ ይህን መጠየቅ አያቅተውም።

ኅዳር 12 ደግሞ ይመጣል። ለሞቱት አሥር ሺህ ነፍሳት መታሰቢያ ቀኑ ይገባቸዋል፤ ፕላስቲክ ማቃጠል ግን አይገባቸውም። መርዙ የሚገባው አስም ያለበት የጎረቤት ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው። ጭሱ የአንድ ጠዋት ነው። ሰፈር የሚያድነው የዓመቱ ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀናት ሥራ መሆኑን አራዳ በመቶ ዓመት አሳይታናለች።

እኛ በበኩላችን ዘንድሮ የሚቃጠል አናወጣም። ያን ጠዋት አዋጥተን አንድ ኩንታል ቡና ባይሆንም አንድ ኪሎ ይዘን፣ አራት ታክሲ ተሳፍረን እማማ ዘንድ እንሄዳለን። መድኃኒታቸውንም በመንገዳችን ይዘንላቸው እንገባለን። የመጣችሁ ኑ፤ ቡናው ይበቃል።